ሥጋ የማያውቀው ድስት

ባለፈው ጥር በመዲና ሠርግ ላይ አጎቴ ግርማ ቀልድ አወራ። ከደሴ በታች ገራዶ፣ በአባቷ በአያ ይመር ግቢ በተተከለው ድንኳን ውስጥ፣ ከደሴ ፒያሳ በሚኒባስ ተጭኖ የመጣው ባለ ሦስት ደረጃ ኬክ ሊቆረስ ሲል ብርጭቆውን ይዞ ተነሣና፣ «ቆይ ቆይ፣ መጀመሪያ አጥንት እንደሌለው አረጋግጡ!» አለ። «እህቴ ዘነበች አንድ ዒድ አጥንት ያለው ኬክ አብልታችኋለች፤ ረሳችሁት እንዴ?»

ሰው ሳቀ። ነገሩን የማያውቁት ሚዜዎች እንኳን ሳቁ። ዘነበችም ከሴቶቹ መሃል የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች።

እኔ ቁራሼን ሳልነካ አስቀምጬ ወጣሁ። ከድንኳኑ ጀርባ ወጥ የሚሠሩት ሴቶች የከሰል ምድጃ ደርድረው ነበር፤ አንዷ ምድጃ አጠገብ ቅቤ ይቀልጣል። የከሰልና የለጋ ቅቤ ሽታ አንድ ላይ ሲመጣብኝ ያንን ክረምት እንደ ትናንት አየሁት። ግርማ ታላቄ ነው፤ በአንቱታ ልጽፍለት ይገባኝ ነበር። አልጽፍለትም።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እናቴ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ስለምትሠራ፣ ትምህርት ሲዘጋ ደሴ ታላቅ እህቷ ቤት አስቀመጠችኝ። ታላቅ እህቷ ይህቺው ዘነበች ናት፤ እናቴ «እታለም» ስለምትላት እኔም እታለም እላታለሁ። ከኮምቦልቻ ሙቀት ተነሥቼ ዳገቱን ስወጣ ደሴ ጉም ለብሳ ጠበቀችኝ። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ በር ሲከፈት አብሮን ይገባል። የታጠበ ልብስ አይደርቅም። ከሰሉ እርጥብ ስለሆነ ከመንደዱ በፊት ይንጫጫል፤ እኔ ውስጡ ነፍሳት ያሉ ይመስለኝ ነበር።

ቤተሰባችን እንዲህ ነው። አያቴ መጀመሪያ ያገባችው ሙስሊም ነበር፤ ከእሱ አያ ይመርን ወለደች። ባሏ ሲሞት ክርስቲያን አገባች፤ ከእሱ እታለምን፣ ግርማንና እናቴን ወለደች። ወሎ ውስጥ ይህ ማንንም አያስገርምም። አስቸጋሪው ሥጋ ነው። የሙስሊሙን እርድ ክርስቲያኑ አይበላም፣ የክርስቲያኑንም ሙስሊሙ አይበላም። ስለዚህ በሠርግም በለቅሶም ሁለት ቦታ ይታረዳል፣ ሁለት ቦታ ይበላል። የአንድ እናት ልጆች በበዓል ቀን ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ሲበሉ ማየት አያቴን ሳያስከፋት አልቀረም፤ ሁሉም ከአንድ ትሪ የሚያነሡት አንድ ነገር እንዲኖር ፈለገች። ያም ኬኩ ነው።

አያቴ በወጣትነቷ ኮምቦልቻ አንድ የውጭ አገር ሰው ቤት ምግብ ታበስል ነበርና ኬኩን ያመጣችው ከዚያ ነው። ስሙን ግን አላመጣችም። እኛ «የሚዛን ዳቦ» እንለዋለን። ባለ ሁለት ሳህን የድሮ ሚዛን አለ፤ አንዱ ሳህን ላይ እንቁላሎቹ ይቀመጣሉ። በሌላው ሳህን ቅቤው ከእንቁላሎቹ እኩል እስኪሆን ይመዘናል፤ ቅቤው ተነሥቶ ስኳሩ፣ ስኳሩ ተነሥቶ ዱቄቱ እንደዚያው። የብረት መመዘኛ አያስፈልግም። እንቁላሉ የቄብ ሆኖ ካነሰ ሁሉም ያንሳል፣ ከተለቀ ሁሉም ይተልቃል። ቅቤው ያልተነጠረ ለጋ ነው፤ ውኃው ጥርት እስኪል ደጋግሞ ይታጠባል። ከዚያ ከስኳሩ ጋር በገበቴ ውስጥ፣ በእንጨት ማንኪያ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይመታል። እታለም ቀኝ እጇ ሲዝል ማንኪያውን ለግራ እጇ ትሰጣለች እንጂ አቅጣጫ አትቀይርም። ቅቤው ከቢጫ ወደ ነጭ ሲሄድ፣ ስኳሩ በሁለት ጣት መሃል ሲታሽ አልሰማ ሲል እንቁላሉ አንድ በአንድ ይገባል። ከዚያ የሎሚ ልጣጭ፣ አረንጓዴው ብቻ፣ በቢላ ተፍቆ። ከዚያ ዱቄቱ። ከዚያ ድስቱ ውስጥ፣ ከሥሩ ከሰል፣ ከክዳኑ በላይ ከሰል፤ የላዩ ከሥሩ መብዛት አለበት።

ድስቱ ከባድ የብረት ድስት ነው። መቀመጫው አንድ ጊዜ ተበስቶ በውስጥ በኩል ሳንቲም የሚያህል ልጥፍ ተደርጎበታል። አያቴ ከሌሎቹ ዕቃዎች ለይታው ነበር፤ ከሞተች በኋላ ጠባቂው እታለም ሆነች። «ይህ ድስት ሥጋ አያውቅም» ትለኝ ነበር። ከቁም ሳጥኑ ላይ፣ ነጭ ጨርቅ ለብሶ፣ ብቻውን ይቀመጣል። እኔ መነኩሴ ነው ብዬ ደመደምኩ። ጠዋት ስነሣ ቀና ብዬ እጅ እነሣው ነበር።

የዚያ ዓመት ዒድ ፍልሰታ ጾም ውስጥ ገባ። ለቅበላ ኮምቦልቻ እናቴ ጋ ወርደን ነበር። ስንመለስ ቁም ሳጥኑ ላይ ያለው ነጩ ጨርቅ ብቻ ነው፤ ተጣጥፎ። እታለም ወንበር ላይ ወጥታ በእጇ ዳበሰች፤ ዓይኗን ያላመነች ይመስል። ብዙም ሳይቆይ ባጃጅ ደጃፉ ላይ ቆመችና ግርማ ድስቱን በማዳበሪያ ጠቅልሎ ይዞ ገባ። የቤቱ ቁልፍ ነበረው።

«ሌባ የገባ መስሎሽ ነው አይደል?» አለ እየሳቀ።

«ምን ሠራህበት?»

«ንፍሮ አስቀቀልኩበታ። እንግዳ መጣብኝ፣ የኛ ድስቶች ትንንሽ ናቸው።»

«ግርማ፣ ሥጋ አልገባበትም?»

«አንቺ ደግሞ! ሰው በገዛ እህቱ ቤት እንደ ሌባ ይመረመራል እንዴ? ንፍሮ ነው አልኩሽ። በፍልሰታዋ!»

በፍልሰታ የማለን ወንድም ምን ትለዋለህ? ድስቱን ተቀብላ አፍንጫዋን አስገባች። እኔም አስገባሁ። የልብስ ሳሙና ይሸታል። ንፍሮ የተቀቀለበትን ድስት በልብስ ሳሙና የሚያጥብ ማን ነው? ዛሬ ይህን እጠይቃለሁ። ያኔ ግን ጋሼ ግርማ ንጹሕ ሰው መሆኑ ነው የገረመኝ። እታለም በአመድና በፈላ ውኃ እንደገና ፈትጋ አጠበችው፤ አደረቀችው፤ ቃሉን አምና ጨርቁን አለበሰችው።

የዒድ ዋዜማ ጋገረች። እንቁላሉን ከገራዶ የመዲና እናት ጭድ ውስጥ አድርገው ልከውት ነበር፤ ቅቤው የኛ ነው። እታለም ከቅዳሴ ተመልሳ፣ ሽንብራ ቆሎ አፍሳ ከበላች በኋላ፣ እጅጌዋን ሰበሰበችና ቅቤ ውስጥ ገባች። እኔም እጾም ነበር፤ እንደ ደሴ ልጅ ሁሉ ፍልሰታን ለመቁረብ ነው የጾምኩት። የገበቴው ጠርዝ ላይ የተንጠባጠበውን ሳይ ምራቄን እውጣለሁ።

«ጣትህን!»

«አልነካሁም!»

«በዓይንህ ነክተኸዋል። እጅህን ወደ ኋላ አድርግና ቁም።»

«አንቺስ ሳትቀምሺ እንዴት ታውቂያለሽ?»

«በሌላው ጊዜ በአፌ አውቃለሁ። ዛሬ በእጄ።»

አልቀመሰችም። በሌላ ጊዜ ቢሆን ከሥሩ ቆርሳ ትቀምስ ነበር፤ ሁልጊዜ ከሥሩ ነው የምትቀምሰው፤ የሚያርረው ከሥር ስለሆነ። ጾም ነበርና አልቀመሰችም። ክዳኑ ሲነሣ የቅቤና የሎሚ ሽታ ቤቱን ሞላው። ኬኩን ገልብጣ ሳታይ፣ ሙቀቱ ወጣ ሲልለት፣ በአገልግል ውስጥ ቀጥ አድርጋ አስቀመጠችው።

በማግስቱ ገራዶ ወረድን። ግርማ ቀድሞን ደርሷል። አያ ይመር ነጭ ጀለቢያ ለብሰው በር ላይ ተቀበሉን።

«መርሃባ፣ መርሃባ! ዘነቡዬ፣ ጾም አስጎሰቆለሽ እኮ!»

«አያ፣ እንኳን አደረሰዎ። ዒድ ሙባረክ!»

«ይኼስ ጎረምሳ? ይጾማል አሉኝ፤ እውነት ነው?»

«እጾማለሁ» አልኩ።

«ማሻአላህ! እኔ ወር ሙሉ ጾሜ ዛሬ ብፈታ ለአንተ ደግሞ ተጀመረብህ። አብሽር፣ የኔ ልጅ።»

ለእኛ የጾም ለብቻ ተሠርቶልን ነበር፤ በአዲስ ድስት ሽሮ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ቃሪያ። ከበላን በኋላ አገልግሉ ተከፈተ። አያ ይመር «ቢስሚላህ» ብለው ቆረሱ። ግርማ አጠገባቸው ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። የማልረሳው ይህንን ነው። ታላቅ ወንድሙ ቁራሹን ወደ አፋቸው ሲወስዱ ግርማ ብርጭቆውን ከንፈሩ ላይ አድርጎ አቆየው። አልጠጣም። አላወረደውም። በብርጭቆው አፍ አሻግሮ ሲበሉ ያያቸዋል።

እኔ ሻዩ አቃጥሎት ነው ብዬ ነበር።

«እጅሽን አይንሣኝ ዘነቡ» አሉ አያ ይመር እያላመጡ። «ወላሂ፣ እናታችን የሠራችው ይመስላል።»

መዲና ያኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት። ከሥረኛው ቁራሽ ነክሳ ቆም አለች። ከአፏ አንድ ነገር አውጥታ መዳፏ ላይ አደረገች።

«አባ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

የጥፍር ስባሪ የሚያህል ነጭ ስንጣሪ ነው።

«አጥንት ነው» አለች።

«የጫጩት ነው!» አልኩ እኔ ቶሎ ብዬ። «እንቁላሉ ውስጥ ጫጩት ነበር ማለት ነው!» ለእታለም መላ ያገኘሁላት መስሎኝ ነበር።

የመዲና እናት የቀረውን ኬክ ብድግ አድርገው ገለበጡት። መሃሉ ላይ፣ ልጥፉ በነበረበት ቦታ፣ ክብ ቀይ ምልክት አለ። በርበሬ የያዘ ስብ። ከልጥፉ ሥር ተደብቆ የነበረው ሁሉ በከሰሉ ግለት ቀልጦ ወጥቷል።

«ያ ረቢ!» አሉ።

አያ ይመር ቀስ ብለው ተነሡ፣ ውጭ ወጡ፣ አፋቸውን ሲጉመጠመጡ ተሰማን። የመጀመሪያውን ቃል የተናገረው ግርማ ነው።

«ዘነበች! ምን ጉድ ነው ያመጣሽብን? ይህን ድስት ጠብቂ ተብለሽ አይደለም እንዴ የተሰጠሽ?»

የተናገረው ቃል በቃል ይህ ነው። «ያመጣሽብን» አለ፤ ራሱን ከተበደሉት ጋር ቆጥሮ።

ዘልዬ ተነሣሁ። «አንተ ነህ! አንተ ወስደኸው ነበር! ንፍሮ ነው ብለህ—»

ጥፊው ከቀኝ በኩል መጣ። የግርማ መስሎኝ ዞርኩ። የእታለም ነበር። ከዚያ በፊት መትታኝ አታውቅም፤ ከዚያም በኋላ አልመታችኝም።

«ዝም በል! ልጅ በትልቅ ሰው መሃል አይገባም!» አለችኝ። ቀጥላም አያ ይመር በሩ ላይ መቆማቸውን አይታ ወደ መሬት አቀረቀረች። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ አያ። በደንብ ሳላይ ጋገርኩ።»

አያ ይመር በጀለቢያቸው ጫፍ አፋቸውን ጠረጉ። «አብሽሪ፣ ዘነቡ» አሉ። «ሳያውቁ የበሉት ነገር አያስጠይቅም። አላህ ያያል።» ግርማን አላዩትም። ሻይ ጨምሩለት አሉ።

ግርማ ሻዩን ጠጣ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም ክፉ ነገር ሊለው አይችልም፤ ያበገነኝም እሱ ነው። ማንም እታለምን አልሰደባትም። በሳምንቱ መዲና አገልግላችንን ይዛ መጣች። በኛ ዘንድ የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ እፍኝ ቆሎም፣ ሁለት ራስ ሽንኩርትም ቢሆን ይገባበታል። ክዳኑን ከፍቼ እጄን እስከ ታች ሰደድኩ። ምንም የለም። ታጥቦ፣ በፀሐይ ደርቆ፣ ባዶውን ተመልሷል።

«የረሳችሁት ነገር አለ» አልኳት መዲናን።

«እናቴ እንዲሁ አድርሽ ነው ያለችኝ» አለች፣ እግሯን እያየች።

እታለም ዳቦ ቆርሳ አቀረበችላት። «ጠግቤያለሁ» አለች። ከገራዶ እስከ ደሴ መጥታ ጠግቤያለሁ! እታለም ዳቦውን አንሥታ መልሳ በጨርቅ ጠቀለለችው። በማግስቱ በዚያ ድስት ሽሮ ሠራችበት። ነጩን ጨርቅ የወለል መጥረጊያ አደረገችው። እኔ ሽሮውን አልበላም ብዬ አኮረፍኩ።

«ምን አደረገህ ሽሮው?»

«ድስቱ ነው።»

«ድስት ድስት ነው» አለች።

ጾሙ ሲፈታ ግርማ በግ አረደ፤ ጠራን። እታለም ሄደች! ፀጉሯን ተሠርታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች፤ እኔንም እጄን ይዛ ጎተተችኝ። ግርማ ሳሎኑ ውስጥ ቁጭ ብሎ ጎድን ይዞ ይግጣል።

«ብላ እንጂ፣ ምን ትገተራለህ?»

«አልበላም።»

«እንደ ገራዶዎቹ ሆንክ እንዴ? ልትሰልም ነው?» እንግዶቹ ሳቁ።

«አልበላም። እጅህ ቆሻሻ ነው» አልኩት።

እታለም ከጠረጴዛው ሥር ጭኔን ቆነጠጠችኝ። ራሷ ግን ቆርሳ ጎረሰች። ስታላምጥ አየኋት። ሥጋው በቀላሉ እንዳልወረደላት አሁን አውቃለሁ፤ ያኔ ግን የሚጣፍጣት መስሎኝ ከእሷም ጋር ተጣላሁ።

አንድ ጠዋት፣ ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ እሷ ገበያ እንደወጣች ለማንም ሳልናገር በእግሬ ገራዶ ወረድኩ። በእግረኛው መንገድ፣ ድንችና ጎመን ተጭነው ወደ ከተማ ከሚወጡት አህዮች በተቃራኒ፣ ጭቃው ጫማዬን እየነጠቀኝ። አያ ይመርን ማሳቸው ውስጥ ድንች ሲኮተኩቱ አገኘኋቸው። መንገድ ላይ ያጠናሁትን ሳልተነፍስ አወረድኩት።

«አያ፣ እታለም አይደለችም። ጋሼ ግርማ ነው። ለቅበላ እኛ ሳንኖር ወስዶ ሥጋ ቀቀለበት። ስትጠይቀው ንፍሮ ነው ብሎ ማለ። እርስዎ ሲበሉም እያየ ዝም አለ።»

መኮትኮቻቸውን ተደግፈው ቆሙ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ይጮሃሉ፣ ደሴ ይወጣሉ፣ ግርማን አንገቱን ይይዙታል ብዬ።

«አውቃለሁ፣ የኔ ልጅ» አሉ።

«ምን?»

«ያን ዕለት ነው ያወቅሁት። ዓይኑ ነገረኝ። አንተም ጮኸህ ተናግረሃል፤ ደጅ ሆኜ ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

ጥቂት አሰቡ። ሊያባብሉኝ ሳይሆን፣ እንደ ሰው መልስ ሊሰጡኝ ፈልገው ነበር፤ ለዚህ አከብራቸዋለሁ። «ግርማን በሰው ፊት ባዋርደው ዳግመኛ ደጄን አይረግጥም። እሱን አውቀዋለሁ፤ ውርደት አይችልም። እኔም ወንድሜን አጣለሁ። ዘነቡ ግን…» መሬቱን በመኮትኮቻው ነካ ነካ አደረጉ። «ዘነቡ ትችላለች።»

ትችላለች! ይህን ቃል ከዚያ ቀን ወዲህ ስሰማ ጆሮዬ ይግላል። በየቤቱ አንድ የምትችል ሴት አለች። ማን ይሸከም ሲባል የሚመረጠው ጥፋተኛው አይደለም፣ የሚችለው ነው። ግርማ ስለማይችል ተረፈ። እሷ ስለቻለች ተቀጣች። ያንን የወሰኑት ደግሞ ክፉ ሰው አይደሉም። ደጉ ሰውዬ ናቸው።

«አትችልም!» ብዬ ጮኽኩ። «ማታ ማታ ታለቅሳለች! የመዲና እናት ይወቁ፤ ይንገሯቸው! አገልግሉን ባዶውን ነው የላኩት!»

«እነግራታለሁ። ኢንሻአላህ፣ ጊዜ ሲያልፍ» አሉ። ጎንበስ ብለው ድንች በፌስታል ሊሞሉልኝ ጀመሩ። «ይኼን ለእታለም ስጣት።»

ጥያቸው ሮጥኩ። ፌስታሉን ዘርግተው እንደቆሙ ጥያቸው ሮጥኩ።

ቤት ስደርስ እታለም ከገበያ ተመልሳ ደጅ ደጁን ትፈልገኛለች። የት ነበርክ ብላ ሳትጨርስ ሁሉንም ነገርኳት። የተናገሩትን አንድም ሳላስቀር፤ «ትችላለች» ያሉትንም። እሷ ትቆጣልኛለች ብዬ ነበር። ቢያንስ እሷ።

«ያውቃሉ?» አለች። «አያ ያውቃሉ?»

«ያውቃሉ! ያን ዕለት ነው ያወቁት! ዝም ያሉት አውቀው ነው!»

ደፉ ላይ ቁጭ አለች። ፊቷ ሲለወጥ አየሁት፤ ቀስ ብሎ፣ ከግንባሯ ጀምሮ ሲፈታ። «ተመስገን» አለች። «እጄ ንጹሕ እንደነበር ያውቃሉ። ተመስገን ጌታዬ።» ከዚያ ሳቀች፤ እንባዋ እየወረደ። ተነሥታም እየዘመረች ሽንኩርት መላጥ ጀመረች። ከዒዱ በኋላ ስታንጎራጉር ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማኋት የዚያን ቀን ነው።

ለእሷ በቃት። አንድ ሰው ማወቁ በቃት፤ ያውም ዝም ብሎ ማወቁ። አያ ይመር ለሚስታቸው እነግራለሁ ያሉት ጊዜ ሳይመጣ አረጁ። መዲና ሳታውቅ ተዳረች። እታለምም በራሷ ላይ በተቀለደ ቀልድ መሳቅ ለመደች። ሁሉም ተስማምተዋል፤ ሰላም ነው፣ አብረው ይበላሉ፤ ኬኩ ከፒያሳ ይገዛል።

እኔ አልተስማማሁም። ስለዚህ በጥፊ የተቋረጠውን ልጨርሰው። ለቅበላ ቤቱን በቁልፉ ከፍቶ ድስቱን የወሰደው፣ ሥጋ የቀቀለበት፣ በልብስ ሳሙና ያጠበው፣ ንፍሮ ነው ብሎ የማለው፣ ታላቅ ወንድሙ ሲበሉ ብርጭቆውን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ያየው፣ ከዚያም ጣቱን እህቱ ላይ የቀሰረው ዘነበች አይደለችም። ግርማ ነው።